ከዓይኔ እስከ መርፌው

ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የወንድ ሙሉ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 34 ዓመት ሆኖኛል። በሁለቱም ዓይኔ የሞራ ግርዶሽ ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን በሞራው ፋንታ ዓይኔ ውስጥ የሚገባልኝ ሰው ሠራሽ ሌንስ ምርጫ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ተሞክሮውን በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም። የራሴን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የታወቀው በክር ነው። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ለልጁ ሰርግ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አሰፋ። ወስዶት ሄደና በማግስቱ ይዞት ተመለሰ። "ጋሼ፣ የኪሱ ስፌት እኮ በጥቁር ክር ነው" አለኝ። አየሁት፣ ምንም አይታየኝም። በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት፣ ያው ነው። ልጄን ጠራኋትና አንዴ ዞር ብላ አይታ "አባዬ፣ ጥቁር ነው" አለች። ያን ማታ ኪሱን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት፤ ክሩን ግን የመረጠችልኝ እሷ ናት። 34 ዓመት ክር የመረጥኩ ሰውዬ!

የሚገርመው ከዚያ በፊት ወደ ሁለት ዓመት ያህል ዓይኔ የተሻለው መስሎኝ ደስ ብሎኝ መክረሜ ነው። ከ45 ዓመቴ ጀምሮ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም ነበር። ድንገት ቻልኩ። ባለቤቴ ጸበሉ ነው አለች፣ እኔ ደግሞ ካሮቱ ነው አልኩ፣ ሁለታችንም ተሳስተናል። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በእርጅና የዓይን ሌንስ መሃሉ ሲጠነክርና ሲደነድን ብርሃንን ከበፊቱ አብልጦ ይሰብራል፤ ስለዚህ ሰውዬው የቅርቡን ያለ መነጽር ማየት ይጀምራል፣ የሩቁ ግን ይጠፋበታል። እውነትም የአውቶቡሱ ቁጥር አጠገቤ እስኪቆም አይታየኝም ነበር፤ ማታ ደግሞ የመኪና መብራት እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይበተንብኝ ነበር። እሱን በድካም አመካኘሁት። ስለዚህ በ60 ዓመቱ "የማንበቢያ መነጽሬን ጣልኩ" ብሎ የሚፎክር ዘመድ ካላችሁ፣ እልል ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን ይመርመር።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ አንድ ወጣት በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ፊቴ ዘረጋ። ሦስት ረድፍ አለው፦ መደበኛ፣ የተሻለ፣ ምርጥ። ከጎናቸው ዋጋ። "ምርጡን ይውሰዱ አባባ፣ መነጽር የሚባል ነገር ሙሉ በሙሉ ይጥላሉ" አለኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቀብድ ልከፍል ኪሴ ገብቼ ነበር። ያቆመኝ እውቀት እንዳይመስላችሁ፤ አነጋገሩ ነው። መርካቶ ጨርቅ ስገዛ "ይሄ ኦሪጅናል ጣሊያን ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ" የሚለኝን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጥሩ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ግን ለምንድን ነው ጥሩ? ለካፖርት ነው ለሸሚዝ? "ከልጄ ጋር ልመካከር" ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘሁት ሐኪም የልጄ እኩያ ነው። ስለ ሌንስ አንድም ቃል ሳይናገር መጠየቅ ጀመረ። ሥራዎ ምንድን ነው? ማታ መኪና ይነዳሉ? ዳዊት ይደግማሉ? ፊደሉ ትልቁ ነው ትንሹ? ያለ መነጽር ማየት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን የትኛውን ይመርጣሉ? "መርፌውን" አልኩት። ሳቀና "እንግዲያው ቤት ሄደው ይለኩልኝ" አለኝ። ሜትር አንገቴ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው መሆኔን ረስቶታል።

ሱቅ ገብቼ ልጄን ሜትር አስያዝኳት። ተቀምጬ በእጅ ስስፋ፣ ከዓይኔ እስከ መርፌው 38 ሳንቲ ሜትር። የስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ እስከ መርፌው ድረስ 50 ግድም። ቆሜ ጨርቅ ስቆርጥ ከ70 እስከ 80። የደንበኛውን ትከሻ ስለካም እዚያው አካባቢ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጽፌ ወሰድኩለት። ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ በነዚህ ላይ ነው፤ እናንተም ሹፌርም ሁኑ መምህር፣ እንጀራ ጋጋሪም ሁኑ የቢሮ ሰው፣ ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ቀናችሁ የሚውልበትን ርቀት ለኩት።

ለምን ብትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስንወለድ ያለን ሌንስ በወጣትነታችን ቅርጹን እየቀያየረ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳየናል። ሞራ የምንለው እሱ ራሱ ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ የሚያስገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ግን ቅርጹን አይቀይርም። ሞኖፎካል የሚባለው፣ ማለትም መደበኛው፣ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ርቀቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ! ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አብዛኛው ሰው ሩቁን ይመርጥና ለማንበብ መነጽር ያደርጋል። ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ያ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሩቅ የማየው ነገር የለኝም፤ ሱቄ አራት ሜትር አይሞላም።

መልቲፎካል የሚባለው ብርሃኑን ከፋፍሎ ከፊሉን ለሩቅ፣ ከፊሉን ለቅርብ ያደርገዋል። አንድ ቢሮ የሚሠራ ወዳጄ እሱን አስገብቶ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ቴሌቪዥኑንም ያለ መነጽር ያያል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት አምፖል ዙሪያ ቀለበት ያይ እንደነበር፣ አሁን ግን ትዝም እንደማይለው ነግሮኛል። ደስተኛ ነው። ስለዚህ ሌንሱን አላማም። ነገር ግን ብርሃኑ ተከፋፍሏል፤ ጥቁርን ከጥቁር መለየት ትንሽ ይቀንሳል፣ በተለይ ደብዘዝ ባለ ቦታ። እኔ ጥቁር ሱፍ ላይ በጥቁር ክር የምሠራ ሰው ነኝ፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ እጨርሳለሁ። ማታ የሚነዳ ሰውም በቀለበቱ ሊቸገር ይችላል። ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ የተጎዳ ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ያለበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል ብሎኛል ሐኪሙ። ያ "ምርጥ" የተባለው ይሄ ነበር እንግዲህ። ለወዳጄ ምርጥ ነው። ለኔ አልነበረም።

ቶሪክ የሚባልም አለ። የዓይናቸው የፊት መስታወት (ኮርኒያ የሚሉት) እንደ ኳስ ሳይሆን እንደ እንቁላል የሆነባቸው፣ አስቲግማቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሚገባላቸው ነው። በትክክለኛው ማዕዘን መቀመጥ አለበት፤ 30 ዲግሪ ከዞረ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል። ልብስ ሰፊ ይህ ይገባዋል፤ ጨርቅ በክሩ አቅጣጫ ካልተቆረጠ ሱሪው እግር ላይ ይጠማዘዛል። የኔ አስቲግማቲዝም ትንሽ ስለሆነ አያስፈልግህም ተባልኩ፣ ገንዘቤን አዳንኩ።

የቀረው ሁለቱን ዓይን ማዛመድ ነበር። አንዱን ለሩቅ አንዱን ለቅርብ ማድረግ ይቻላል፤ አእምሮ ሲለምደው የሚፈልገውን ይመርጣል ይባላል። ሐኪሙ መጀመሪያ በሙከራ መነጽር አሳየኝ። ልዩነቱን ሰፋ አድርጎ ሲሰጠኝ ኮሪደሩ ላይ ደህና ሄድኩና ደረጃው ጋ ስደርስ ጭንቅላቴ ዞረ፣ ግድግዳ ያዝኩ። ጠበብ ሲያደርገው ተስማማኝ። ስለዚህ ቀኝ ዓይኔ ለመርፌው፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በመነጽር ቁጥር ማይነስ 2.5። ግራው ለመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ማይነስ 1.25። ለመንገድና ለቤተ ክርስቲያን መነጽር አደርጋለሁ። ሰፈር ውስጥ "ገንዘብ ከፍለህ መነጽር ልታደርግ?" ብለው የሳቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ስለ ልኬቱ ዝም ብዬ አላልፍም፣ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። የሌንሱን ቁጥር የሚያወጡት የዓይንን ርዝመትና የመስታወቱን ጉብጠት ለክተው ነው። የሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ ከ23 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ኮት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብስት እግዜርም አያየኝ፤ ዓይን ላይ ግን የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት የመነጽር ቁጥርን በ2.5 እና ከዚያ በላይ ያዛባል። የመጀመሪያው ቦታ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ዓይኔ ላይ ጫን አድርገው ነበር የለኩት፤ ሁለተኛው ቦታ ሳይነካኝ በብርሃን ለካኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳይ በ0.4 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ዓይን ሲጫኑት ያጥራል። በያኛው ቁጥር ቢሆን ኖሮ መርፌው ጥርት የሚልልኝ አፍንጫዬ ሥር ነበር ማለት ነው። ሞራው በጣም ከጠቆረ ግን ብርሃኑ ስለማያልፍ በድምፅ ሞገድ መለካት ግድ ይሆናል፤ እንዳይጫኑ መለመን ነው እንግዲህ። ወረቀቱን ደግሞ ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ሁለት ጊዜ ቢለኩላችሁም አትሰልቹ።

"ከምን ጨርቅ ነው የተሠራው?" ብዬ ጠይቄው ሐኪሙን አስቄዋለሁ። አክሪሊክ ነው። ዋናው ክፍል ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ተጠቅልሎ 3 ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቀዳዳ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል። ታሪኩንም ነገረኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ፓይለቶች ዓይን ውስጥ የመስኮቱ ፕላስቲክ ስባሪ ሲገባ ዓይኑ አይቆጣም ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል ሐኪም ይህን አስተውሎ፣ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሰው አስገባ። አባቴ ኦፕራሲዮን ሲደረግ እኛ ጋ ይህ አልደረሰም ነበር። ሞራውን አውጥተው ባዶውን ነው የተዉት፤ ቀሪ ዕድሜውን የጠርሙስ ቂጥ በመሰለ መነጽር ኖረ። እሱን ሲያወልቅ እጁን እንኳ አያይም።

እናቴ ደግሞ ከዓመታት በፊት ገጠር በዘመቻ በነፃ ነው የተሠራችው። ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፣ መደበኛው ሌንስ፣ ለሩቅ። ዛሬም በር ላይ ማን እንደቆመ ከሁላችን ቀድማ ትናገራለች። ይህን የምለው የሌንስ ዋጋ ስላስፈራው ቤቱ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በሞራ ነው፤ ወረፋ ስጠብቅ የልጅ ልጃቸው በዱላ እየመራ ያመጣቸው አባት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፣ እኔ እዚያ ሆኜ ስለ ክር ቀለም ሳስብ አፈርኩ። መደበኛው ሌንስ በደንብ ተለክቶ ከገባ ምንም አይወጣለትም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። እኔ የስኳርና የግፊት ነው የሚጠይቁት ብዬ የፕሮስቴቱን ልዘለው ነበር፣ ነርሷ ሴት ስለሆነች አፈርኩ። ልጄ "አባዬ፣ ያቺ የሽንቷ ኪኒንስ?" ስትል ነው የወጣው። ታምሱሎሲን ነች። ለካ እሷ ብሌን ዙሪያ ያለውን ክፍል ልፍስፍስ ታደርገዋለች፤ ሐኪሙ ካላወቀ ሊቸገር ይችላል፣ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይገባል። ብታቆሙትም ጣጣው ስለሚቆይ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ብቻ ተናገሩ።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ደጋግመው ጨመሩልኝ፣ እኛ ጨርቅ ላይ በሳሙና ምልክት እንደምናደርገው ከቅንድቤ በላይ ምልክት አደረጉ፣ የቱ ዓይን እንደሆነም ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አልተኛሁም፣ ዓይኔ ብቻ ነው የደነዘዘው። ቢላ ይታየኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ የታየኝ ግን ሮዝና ሰማያዊ ብርሃን ሲዋኝ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይሰማችኋል፣ ማሽኑ ያፏጫል። ማሳል ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። 15 ደቂቃ ቢሆን ነው።

በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ ነጠላ ለብሳ የቆመችው ባለቤቴ ናት። በቀኝ ዓይኔ ነጠላው በረዶ ነው። ቀኙን ጨፍኜ በግራው ሳየው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። እየቀያየርኩ ጨፈንኩ ገለጥኩ። "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ለካ ዓለሙን ሁሉ በሻይ ውስጥ ነው ሳይ የከረምኩት። በሦስተኛው ቀን አትሥራ ብባልም ለማየት ብቻ ብዬ ሱቅ ሄድኩና የጥቁር ክር ሣጥኔን ከፈትኩ። ከ11 ጥቅል ውስጥ 4ቱ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ጥቁር ቡና ዓይነት። በገዛ እጄ ነው የደረደርኳቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ጠብታው ሁለት ዓይነት ነበር፣ በመሃላቸው አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ አንደኛው እየቀነሰ አራት ሳምንት ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኔ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ቀላ፣ ብርሃን ማየት አስጠላኝ። ደውዬ ሄድኩ፣ ተቆጡኝ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ በረደልኝ። ጠብታውን በራሳችሁ አትቁረጡ። ሕመሙ ከጨመረ ወይም እይታችሁ ከቀነሰ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

ሌላው የተከለከልኩት ጎንበስ ማለት ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፣ ስግደት የለመድኩ ነኝ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "በልብህ ስገድ" አሉኝ፣ ቆሜ አሳለፍኩት። ጸበሉንም ጠጣሁ እንጂ ዓይኔ ላይ አላፈሰስኩም፤ ማንኛውም ውሃ ነው የተከለከለው። ከቡናው ጭስም ራቅ ብያለሁ፣ እሱ ከሁሉ ከበደኝ። ማታ ማታ በእንቅልፍ ልቤ እንዳላሸው መከለያውን በፕላስተር እለጥፍ ነበር።

ግራው ከአምስት ሳምንት በኋላ ተሠራ። በመሃል ያለው ጊዜ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች አይስማሙም፣ ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጪ አፈሰስኩ። ይህን ስለማያውቁ "ኦፕራሲዮኑ ተበላሸብኝ" ብለው የሚደነግጡ አሉ። የሩቅ መነጽርም ቶሎ አትግዙ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ስድስት ሳምንት ግድም ጠብቄ ነው ያሠራሁት። ቀኙ ከታሰበው ትንሽ ዘንበል ብሎ 44 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ጥርት የሚለው። እጄን ትንሽ ራቅ አደረግሁ፣ በቃ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደግሞ ጉም መጣብኝ። ሞራው ተመልሶ በቀለ ብዬ ሰው ሁሉ ላይ ተነጫነጭኩ። ሞራ አይመለስም። ሌንሱ የተቀመጠባት ስስ ከረጢት ጀርባዋ ሊደፈርስ ይችላል፣ ያግ በሚባል ሌዘር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይከፍቱላችኋል። ተቀምጬ ነው የተሠራሁት፣ በታክሲ ቤቴ ገባሁ።

የሚቆጨኝ "ሞራው ይብሰል" የሚሉትን ሰምቼ ሁለት ዓመት መቆየቴ ነው። ድሮ እንደዚያ ይባል ነበር። እውነቱ ግን ሲቆይ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ሰባብሮ ለማውጣት ያስቸግራል፣ ሥራችሁን ካወካችሁ ጊዜው ደርሷል።

የሌንሱ ቁጥርና ዓይነት የተለጠፈበት ትንሽ ካርድ ይሰጧችኋል፣ እንዳትጥሉት፤ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይጠይቃችኋል። የኔ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ወር ያ ደንበኛዬ ለሁለተኛ ልጁ ሰርግ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ መጣ፣ አሁንም ጥቁር ሰማያዊ። ዓይኔ እንደዳነ ነገርኩት፣ እንኳን ማረህ አለኝ፣ ጨርቁን አስቀመጠ። ከዚያ ከኪሱ ጥቅል ክር አውጥቶ ጨርቁ ላይ ጣል አደረገ።